ዶሮዎቼ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ስለጣሉት እንቁላል የተገባልኝ ቃል ባለመፈጸሙ የቀረበ ቅሬታ

ለእንስሳት መድኃኒትና መኖ መሸጫው ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የገዛሁበትን ቀንና የከፈልሁትን ሂሳብ ከደረሰኙ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የዶሮዎቼንም ሕመም ሐኪማችሁ ያውቁታል። ስለዚህ እሱን አልደግመውም። ይህን የምጽፈው ስለተገባልኝ ቃልና ባለፈው ሐሙስ ጠዋት መሸጫችሁ ውስጥ ስለተሰጠኝ መልስ ነው።

መድኃኒቱን ስወስድ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ዶሮዎቹ እየጣሉ ናቸው፤ እንቁላሉን እስከ መቼ አንብላ?" አልሁ። ሐኪማችሁ "እማማ፣ እሱን ለእኔ ይተዉት፤ ዛሬ ማታ አጣርቼ እደውልልዎታለሁ" ብለው ስልኬን በእጃቸው ጻፉ። አመስግኜ ወጣሁ። ያን ማታ አልተደወለም፤ በማግስቱም አልተደወለም። እኔ ስደውል "ዶክተር መስክ ወጥተዋል"፣ ሌላ ጊዜ "ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ "ከሰዓት ይሞክሩ" እባላለሁ። ከሰዓት ስሞክር ስልኩ አይነሳም።

ሐሙስ ዕለት ከፍራንኮ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ራሴ መጣሁ። ባንኮኒው ላይ የነበረው ወጣት ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልስ "ምን ልታዘዝ?" አለኝ። ጉዳዬን ነገርሁት። "ውኃ ውስጥ ይክተቱት፤ ከሰመጠ ደህና ነው፣ ይብሉት" አለኝ። "ልጄ፣ እሱ እንቁላሉ መቆየት አለመቆየቱን ነው የሚያሳየው፤ እኔ የምጠይቅህ ስለ መድኃኒቱ ነው" አልሁት። "እንግዲያው በደንብ ቀቅለው ይብሉ" አለ። "የመድኃኒቱን ስም ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ ቦታ እጠይቃለሁ" ስለው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የኔ እናት፣ እኛ የሸጥንልዎት መድኃኒት ነው፤ እንቁላል አልሸጥንልዎትም!" አለኝ። ከኋላዬ የሳቀ ሰው ነበር። ልጁ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ።

የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ። ያን ዕለት አንገቴን ደፍቼ ነው የወጣሁት። ይህንንም ሳትቀንሱ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

የተሰጠኝ ምክርም ስሕተት ነው። እንቁላል ሲቆይ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበቱ ይተንና ውስጡ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋል፤ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ዛሬ የተጣለ እንቁላል ግን ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ተሕዋስም ቢኖርበት፣ መድኃኒትም ቢኖርበት ይሰምጣል። መቀቀልን በተመለከተ አስኳሉም ነጩም እስኪጠነክር ማብሰል ሳልሞኔላን እንደሚገድል አውቃለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ እንቁላል አይበላም፣ የተሰነጠቀ እንቁላልም ከቤተሰቤ አፍ አይገባም። የመድኃኒት ቅሪት ግን ነፍስ ያለው ነገር አይደለም፤ ስለተቀቀለ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የተማረ የወንድሜ ልጅ እንዳስረዳኝ፣ አስኳል በአንድ ሌሊት አይሠራም። ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ለአሥር ቀን ያህል በላይ በላዩ እየተደረበ ነው የሚያድገው። ዛሬ መድኃኒት የጠጣች ዶሮ መድኃኒቱ ከቆመላት በኋላም በምትጥላቸው እንቁላሎች አስኳል ውስጥ ቅሪቱ ሊገኝ ይችላል። ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ እንቁላላቸው ለሚበላ ዶሮዎች ጭራሽ አይሰጥም ተብሎ የተጻፈበትም አለ። ለዚህ ነው ስሙን የጠየቅሁት።

እኔ ራሴ አንብቤ እንዳልረዳ እናንተ ከትልቁ ዕቃ ቀንሳችሁ በትንሽ ፌስታል ቋጥራችሁ ነው የሰጣችሁኝ። ስም የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ቢጫ ዱቄት ነው፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "1 ማንኪያ በ2 ሊትር" ተብሎ ተጽፏል። የሻይ ማንኪያ ይሁን የሾርባ ማንኪያ የጻፈው ሰው ያውቃል።

በቤታችን እንቁላል የምትበላው የሰባት ወር የልጅ ልጄ ናት፤ ጤና ጣቢያ ከገንፎዋ ጋር እንቁላል ስጧት ተብለን ነው የጀመርንላት። ትልልቆቹ ጾም ላይ ነን። ጎረቤቶቼም ለልጆቻቸው ከእኔ ይገዙ ነበር፤ አሁን አልሸጥም ብያቸዋለሁ። የሚጣለውን በየቀኑ እየለቀምሁ ቀኑን ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ እየጻፍሁ ትሪ ላይ እደረድራለሁ። ትሪው ሞልቶ ሌላ ጀምሬያለሁ። ልብላው እንዳልል እፈራለሁ፣ ልጣለው እንዳልል በዚህ ኑሮ እንቁላል አይጣልም።

ከተነሣ ዘንድ ያለፈውንም ልናገር። በክረምቱ የወሰድሁት የእንቁላል ጣይ መኖ ስከፍተው ሻግቶ ነበር። "ላዩን አንሥተው ከታች ያለውን ይስጧቸው" ተባልሁ። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ዶሮዋን ይጎዳል፣ ወደ እንቁላሉም ሊያልፍ ይችላል፣ ላዩን በማንሣት አይወገድም። መኖውን ደፋሁት፤ ገንዘቤ ግን አልተመለሰም። ፈንግል ለሚባለው የዶሮ በሽታ ክትባት ስገዛም በረዶ ሳይደረግበት በአዳማ የቀትር ፀሐይ በባዶ ፌስታል ነው የተሰጠኝ። ክትባቱ ቅዝቃዜ እንደሚፈልግ ነጋዴው ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ያኔ ሁሉንም ዝም ብዬ አልፌዋለሁ።

አሁን የምጠይቀው የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የሚያበቃበትን ቀን፣ እንዲሁም እንቁላሉ ለምን ያህል ቀን እንደማይበላ በጽሑፍ፣ በሐኪማችሁ ፊርማ እንድትሰጡኝ ነው። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የማይሰጥ ከሆነም ሳትሸሽጉ ንገሩኝ። ይህን ያህል ካጉላላችሁኝ በኋላ ግን በዚህ ብቻ አላበቃም። ሐኪሙ ቃላቸውን አክብረው ራሳቸው ይደውሉልኝ። ያ ወጣት በሰው ፊት እንዳዋረደኝ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ። የማይበላውን እንቁላልና የሻገተውን መኖ ዋጋ ክፈሉኝ። መድኃኒት ያለ ስም በፌስታል እየቋጠራችሁ መሸጣችሁንም አቁሙ፤ ነገ ሌላዋ እናት ሳትጠይቅ ለልጇ ትቀቅላለች።

እስከ ፊታችን ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን አቀርባለሁ። የእንስሳት መድኃኒት እንደ ሽንኩርት ተቸርችሮ የሚሸጥ ዕቃ እንዳልሆነ አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ፤ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይናገራል።

የደረሰኙን ኮፒና የፌስታሉን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የቀረው ዱቄት እንደተቋጠረ እኔ ዘንድ ነው፤ ለምርመራ ከተፈለገ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አስረክባለሁ እንጂ ለመሸጫው አልመልስም።

ከአክብሮት ጋር
ስሟና ስልኳ መዝገባችሁ ላይ ያለ ደንበኛችሁ
አዳማ