ለጀልባው፣ ለላብራቶሪው፣ ለፋይናንሱና ለጥበቃው፦ እግዜር ይስጥልኝ

ሰላም ለሁላችሁም፤

ሰሞኑን የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴን ተከላክዬ አለፍኩ። እልል ያላችሁልኝ፣ የደወላችሁልኝ፣ ከሩቅ መጥታችሁ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጣችሁልኝ ሁሉ ክብረት ይስጥልኝ። አማካሪዎቼንና ፈታኞቼን እዚያው መድረክ ላይ አመስግኛለሁ። ለእነሱ ስላይድም ነበራቸው። ይህን የምጽፈው ስላይድ ላልነበራቸው ነው።

ስም አልጠራም። ስማቸው ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ደስ የማይላቸው አሉ፤ ደግሞም እንተዋወቃለን።

ለማያውቁን ሰዎች ትንሽ ላስረዳ። ጥናቴ ጣና ላይ ነው። ክረምት ላይ ከማሳ ታጥቦ በወንዝ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁን ምን እያደረገው ነው የሚል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ነፋስ ሲነሳበት ከሥር ያለው ደለል ይነሳና ይደፈርሳል። ስለዚህ ናሙና የሚወሰደው ነፋሱ ሳይቀድመን፣ በማለዳ ነው። ባሕር ዳር ገና ሳትነቃ ጀልባው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ጋሼ ካፒቴን፣ አንድም ቀን ጠብቄዎት አላውቅም። ሁሌ የሚጠብቁኝ እርስዎ ነበሩ። ሰማዩን ቀና ብለው አይተው «ዛሬ እስከ አምስት ሰዓት ነው ያለን» ካሉ አለቀ፤ አምስት ሰዓት ላይ ማዕበሉ ከች ይላል። ጂፒኤሱ ባትሪ ሲዘጋ የደቅ ደሴትን ጫፍና የዘጌን ጫካ አስተያይተው ሞተሩን ያጠፉና «እዚሁ ነው» ይላሉ። በኋላ ስናረጋግጥ እዚያው ነው። ጉማራ ወንዝ መግቢያ ላይ እንቦጭ የሞተሩን ፕሮፔለር ሲጠመጥመው፣ ሱሪዎን ሰብስበው ጭቃ ውሃ ውስጥ ገብተው በቢላ እየቆረጡ ያወጡት ነበር። ይህ አረም ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ስብሰባ ተደርጎበታል። እርስዎ ግን በእጅዎ ነው የሚያውቁት። ሴኪ ዲስኩን፣ ውሃው ምን ያህል እንደጠራ የምንለካበትን ያንን ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን፣ በገመድ ስናወርድ ከእኔ ቀድመው «ጠፋ» የሚሉትም እርስዎ ነዎት። ክረምት ላይ ወንዙ መግቢያ አካባቢ ገና ውሃውን ሲነካ ነው የሚጠፋው።

ውሃው ከጀልባ ከወረደ በኋላ ያለውን ሥራ ሰው አያየውም። እዚህ ላይ የላብራቶሪያችንን ቴክኒሺያን ወንድሜን በደንብ ላመስግን።

ፎስፌት ከማዳበሪያና ከአፈር ጋር እየመጣ እንቦጭንና አልጌን፣ ያንን ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር፣ የሚያፋፋ ንጥረ ነገር ነው። ለመለካት ውሃው ላይ ኬሚካል ይጨመራል፤ ፎስፌት ካለ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይደምቃል። ከናሙናዎቹ ጎን ደግሞ ምንም የሌለበት የተጣራ ውሃ ይቀመጣል። ብላንክ እንለዋለን። እሱ እንደነጣ መቅረት አለበት። አንድ ጠዋት ብላንኩ ሰማያዊ ሆነ።

እኔ መሣሪያውን መጠርጠር ጀመርኩ። አንተ ግን ዝም ብለህ ጠርሙሱን አነሳህ፣ ወደ መስኮቱ ይዘህ ሄድክ፣ አሸተትከው። «ይሄ በዱቄት ሳሙና ታጥቧል» አልክ። ፎስፌት ያለበት የዱቄት ሳሙና አለ። ጠርሙሱ ሌላ ክፍል ሄዶ፣ ለደግነት ተብሎ ታጥቦ ተመልሷል። ያን ቀን ሁሉንም ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረድክና በአሲድ ዘፍዝፈህ፣ በተጣራ ውሃ እያለቀለቅክ ስታጥብ ዋልክ። ማንም አላዘዘህም። በማግስቱ ብላንኩ ነጣ። ያንን ሳናይ ብንቀጥል ኖሮ የጣናን ሳይሆን የሳሙናን ጥናት ነበር የምከላከለው። ከጽሑፎቻችን በአንዱ ላይ ስምህ ከደራሲዎቹ ጋር ገብቷል። ውለታ እንዳይመስልህ። ዘዴውን እዚህ ያስተካከልከው አንተ ነህ።

አባባ፣ ወደ እርስዎ ልምጣ።

ሐምሌ ላይ ነው። መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። መብራት ሄደ። ጀኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም፤ ለምን እንዳልነበረው ዛሬ አልከራከርም። ፍሪዘሩ ውስጥ ያሉት ከሐይቁ የተጣሩ አልጌዎች ናቸው። በወረቀት ማጣሪያ ላይ፣ በፎይል ተጠቅልለው። ከቀለጡ አረንጓዴው ቀለማቸው ይበላሽና የክረምቱ ልፋት ገደል ይገባል። የሌሊት ጥበቃ ሥራ ደግሞ በርና አጥር ነው፤ ፍሪዘር ማዳመጥ ማንም የጻፈልዎ ግዴታ አይደለም። እርስዎ ግን ደወሉ። «ልጄ፣ ያ ማቀዝቀዣ መጮሁን ተወ። ደግ አልመሰለኝም።»

ሹፌራችን ከአልጋው ተነስቶ መጣ። አሳ ነጋዴ ቀስቅሰን በረዶ አገኘን። ቴክኒሺያኑ በስልክ «በረዶ ብቻ አይበቃም፤ ጨው ጨምሩበት» አለን። በረዶ ከጨው ጋር ሲቀላቀል ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሹፌሩ ሱቅ አንኳኩቶ፣ ባለሱቁን እየተለማመጠ ጨው በኪሎ ገዛ። አባባ ባትሪ ያበራሉ፣ እኛ በረዶና ጨው እያፈራረቅን ሳጥኑን እንሞላለን። ባለሱቁ እስከ ዛሬ ምን ዓይነት ድግስ እንደነበረን ሳያስበው አይቀርም።

የዚያ ጨው ደረሰኝ የለም። ሌሊት ማን ደረሰኝ ይቆርጣል? ይህ ደግሞ ወደ እትዬ ያመጣኛል።

ፋይናንስን ሁሉም ያማል። እኔም አምቻለሁ፣ ወደፊትም ሳላማ አልቀርም። እትዬ ግን ሌላ ናቸው። የመስክ ብር ቅድመ ክፍያ ሆኖ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሳይወራረድ ሁለተኛው አይወጣም። ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ በጀት ይዘጋል። ክረምቱ ግን ለበጀት ብሎ አይጠብቅም፤ ጣናን የሚያደፈርሰው ጎርፍ ልክ በዚያ ሰሞን ነው የሚጀምረው። በታንኳ መንገድ ያሳየን ዓሣ አጥማጅ ደረሰኝ የለውም። እትዬ «አይቻልም» ብለው ፋይሉን መግፋት ይችሉ ነበር። በዚያ ፈንታ ቅጽ አዘጋጁ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የሠራው ሥራ፣ የተከፈለው ብር፣ ምስክር። መፈረም ለማይችል የጣት አሻራ። ቀለሙን በላስቲክ ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ የከተቱልኝ ራስዎ ነዎት። ሰኔ 30 ሲመሽ ቢሮው ውስጥ እርስዎና የካልኩሌተርዎ ድምፅ ብቻ ነበር የቀረው። የጨውም ነገር ቢሆን በቃለ ጉባኤ ተወራርዷል።

ሦስት ፕሮፎርማ ለማሟላት አዲስ አበባ ድረስ ሲደውል የሚውለው የግዢ ክፍል ልጅ፣ የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞቹን፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22ን፣ ሳያጓትት የቆረጠልን የንብረት ክፍሉ ጋሼ፣ «እንዳይነካ» የተጻፈበትን ጠረጴዛ ዙሪያውን ብቻ የምታጸዳው እህቴ፣ እናንተም አልተረሳችሁም።

አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። የምርምር ሽልማት ሲሰጥ ተሸላሚው መምህሩ ነው። ድጋፍ ሰጪ የሚባለው ሠራተኛ አዳራሹን አዘጋጅቶ፣ ወንበር ደርድሮ ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። በየዓመቱ ቢያንስ ለእነሱም አንድ ሽልማት ቢኖር ምን አለበት? ምርጫውንም ኃላፊ ብቻውን ባይወስን ጥሩ ነው። ተማሪዎቹንና የመስክ ቡድኑን ጠይቁ፤ እነማን እንደሆኑ ሳናመነታ እንነግራችኋለን። ሰርተፍኬት ደስ ይላል፣ ግድግዳ ያሳምራል። ሌሊት ከአልጋው የተነሳ ሹፌር ግን ትርፍ ሰዓቱ በጊዜ ቢከፈለው ይመርጣል። ካፒቴኑም ከሜዳሊያ በፊት ደህና የሕይወት አድን ጃኬት ይገባዋል።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር፣ እናንተ በምታውቁት ቤት ምሳ አለ። ከነቤተሰባችሁ ኑ። አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን አሳድሩት፤ ለጾመኛ ሽሮ አዝዣለሁ። የጥናቱ የመጨረሻ ቅጂ ወደ ጥረዛ የሚሄደው ሰኞ ነው። የሁላችሁም ስም ከነሥራ ድርሻው የምስጋና ገጹ ላይ አለ። ቅጂውን ቅዳሜ ይዤ ስለምመጣ ፊደሉ የተሳሳተበት ወይም የአያቱ ስም እንዲገባለት የሚፈልግ እዚያው ይንገረኝ።