ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስለምትደርስሽ ቢራቢሮ

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። በዚህ ፖስታ ውስጥ አንዲት የወረቀት ቢራቢሮ ታገኛለሽ፤ ለልደት ቀንሽ በእጄ የሠራኋት የመልካም ምኞት ካርድ ናት። የሥራ ነገር ሲነገርሽ ከውጤቱ ይልቅ አካሄዱን መስማት እንደምትወጂ ስለማውቅ፣ እንዴት እንደ ሠራኋት ልተርክልሽ።

መጀመሪያ ቢራቢሮዋን ሙሉ አድርጌ ለመሳል ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የግራው ክንፍ ከቀኙ ጋር አልመሳሰል ስላለኝ አንዱን ባስተካከልሁ ቁጥር ሌላው ይበላሽ ጀመር። በዚህ መካከል አንቺ የቀሚስ አንገት ስታወጪ ጨርቁን ለሁለት አጥፈሽ ግማሹን ብቻ ትስዪ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። እኔም ወረቀቱን አጠፍሁና የእጥፉን መስመር የቢራቢሮዋ ወገብ አድርጌ፣ የአንዱን ጎን የፊትና የኋላ ክንፍ ብቻ ስዬ ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ቆረጥሁት። ሲዘረጋ አራቱም ክንፎች ልክ ለልክ ሆነው ወጡ። ይሁን እንጂ ለውበት ብዬ ወገቧን እጅግ ስላቀጠንሁት በእጥፉ ላይ ሳይቆረጥ የቀረው 1 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነበርና፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቼ ስዘጋት ተቀደደች። ለሁለተኛዋ 6 ሴንቲሜትር ተውሁላት፤ ትንሽ ወፈር ያለች ቢራቢሮ ናት፣ ግን ትጸናለች።

ወረቀቱም የራሱ ጠባይ አለው። ለተራ ጽሕፈት የምንጠቀምበት በካሬ ሜትር 80 ግራም ያህል የሚመዝነው ሲሆን፣ እርሱ ለካርድ ስለሚልፈሰፈስ 250 ግራም የሆነውን መረጥሁ። ጨርቅ ድርና ማግ እንዳለው ሁሉ፣ በማሽን የተሠራ ወረቀትም ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ ነው፤ በቃጫው አቅጣጫ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል፣ ቃጫውን አቋርጦ ሲታጠፍ ግን ጀርባው ይሰነጣጠቃል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን በሁለቱም በኩል ለዘብ አድርጎ ማጉበጥ ይበቃል፤ በቀላሉ እሺ የሚለው በኩል ትክክለኛው ነው። ከማጠፌ በፊትም ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ተደግፌ መስመሩን ጫን ብዬ አሰመርሁበት።

በላይዋ ላይ ከስስ ወረቀት ሌላ ጥንድ ክንፍ ቆርጬ ወገቧ ላይ ብቻ አጣበቅሁት፤ ጫፉ ነጻ ስለሆነ ወደ ላይ ብድግ ይላል። ኮላ ሲበዛ እርጥበቱ ስስ ወረቀትን ያሸበሽባልና በስሱ ቀብቼ ከወፍራም መጽሐፍ ሥር አሳደርኋት። የሚያብለጨልጭ ዱቄት ነስንሽባት የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ እጅሽን ሁሉ እንዳያዳርስ ብዬ ተውሁት። መቼም የእውነተኛዋ ቢራቢሮ ክንፍም ሲነካ ጣት ላይ ዱቄት ይተዋል፤ ያ ዱቄት ክንፏን የሚያለብሱት ጥቃቅን ቅርፊቶች ነው።

ጽሑፉን የጻፍሁት ከቆረጥሁ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ብጽፍ ኖሮ የክንፉ ጥምዝ ፊደሎቹን ይበላቸው ነበር። ዓይንሽን እንዳያደክምሽም ፊደሉን ተለቅ፣ ቃሉን አጠር አድርጌዋለሁ። ቢራቢሮ ስታርፍ አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቿን ከጀርባዋ በላይ ገጥማ ነውና ካርዷ ተዘግታ ስትደርስሽ ያረፈች ናት፤ ስትከፍቻት ትበራለች። በጠረጴዛ ላይ ልታቆሚያት ብትፈልጊ ክንፎቿን በከፊል ብቻ ዘርጊያት።

ቀንዶቿን የሠራኋቸው ከስስ ሽቦ ነው፤ የቢራቢሮ ቀንድ ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ጎላ ያለ ስለሆነ የሽቦውን ጫፍ ጠቅልዬ በጥቁር ክር አድቦለቦልሁት። በመንገድ ቢጣመሙ አትዘኝ፤ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ብታቀኛቸው ይመለሳሉ።

አክባሪ ልጅሽ