«ለፕሪንተር ደግሞ ምን ክበብ ያስፈልጋል?»

የነፃ ሶፍትዌር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ይህን ጥያቄ መስከረም ላይ በመምህራን ስብሰባ የጠየቀኝን ባልደረባዬን ስሙን አልጠራም። ጥር ላይ የሴሚስተር ፈተናውን ያተመለት ግን ይኸው ክበብ ነው። ዘንድሮ ሳልኩራራ ልጻፍ ብዬ ነበር፤ ከመጀመሪያው መስመር አልሆነልኝም።

ምን እንደምንሠራ አሁንም ግር ለሚላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ላይ «አትም» የሚለውን ስትጫኑ ሰነዱን ተቀብሎ፣ ወረፋ አስይዞ፣ ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ ለውጦ የሚልክ ሶፍትዌር አለ። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሶፍትዌር) ላይ ይህን የሚሠራው ካፕስ ይባላል። ማይክል ስዊት የሚባል ፕሮግራመር በ1999 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ነው። የአፕል ማክ ኮምፒውተሮችም የሚያትሙት በእሱ ነው። ዛሬ ኦፕንፕሪንቲንግ በሚባለው ፕሮጀክት ሥር በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች ያሳድጉታል። ኮዱ ክፍት ነው። ማንም ያነበዋል፤ ስህተት ያገኘ ይናገራል፤ ማስተካከል የቻለ አስተካክሎ ይልካል። ባሕር ዳር ያለ የ11ኛ ክፍል ተማሪም «ማንም» ውስጥ አለበት። ለልጆቹ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የአሜሪካዊውን ፕሮግራመር የሪቻርድ ስቶልማንን ታሪክ ነገርኳቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ገባ። ወረቀት ሲይዝ ለሰዎቹ እንዲያሳውቅ ስቶልማን ፕሮግራሙን ሊያስተካክለው ፈለገ፤ ኮዱን ግን የሚሰጠው አጣ። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለውን፣ ማንም ኮዱን አንብቦ ማስተካከል ይችል የሚለውን ንቅናቄ ካስጀመሩት ነገሮች አንዱ ይህ ብስጭት እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ በወረቀት መያዝ ብቻ ይህን ያህል ተናደደ?» አለ። የእኛን ፕሪንተር ገና አላየም ነበር።

ፕሪንተሩ ከንብረት ክፍል የመጣ ነው። «አይሠራም» ተብሎ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ተከምሮ ነበር። ሞዴል 22 (የንብረት ማውጫ ቅጽ) ለማስሞላት ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ለመጠገን ሁለት ቅዳሜ። እሱስ አልተበላሸም። አዲሱ ዊንዶውስ አላውቅህም ብሎት ነው እንጂ፣ ሊኑክስ ላይ ስንሰካው ሾፌሩ ተገኘለት። (ልጆቹ «ድራይቨር»ን፣ ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ማለቴ ነው፣ «ሾፌር» ካሉ ቆይተዋል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።) አንድ አመል ግን አለው። የራሱን ፕሮግራም ውስጡ አያስቀምጥም። በበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ መቀበል አለበት። መብራት ብልጭ ብሎ በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል ማለት ነው። መብራቱን ታውቁታላችሁ። ልጆቹ «ዝንጉ» ብለው ስም አወጡለት፤ ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ፕሪንተሩ በበራ ቁጥር ፕሮግራሙን ራሱ የሚልክለት አጭር ስክሪፕት ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ዝንጉን ቆሞ አልጠበቀም።

የሳምንታዊ ስብሰባዎቻችንን ዝርዝር እዚህ አላበዛም፤ ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ። የትርጉም ሥራውን ግን ሳልናገር አላልፍም። የካፕስን መልእክቶች ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርን። ቀላል መስሎን ነበር። «ኪው» ወረፋ ይባል ስንል አንዷ «ወረፋ ዳቦ ቤት ነው» ብላ ተቃወመች። «ጆብ»፣ ማለትም እንዲታተም የተላከው ሰነድ፣ ሥራ ነው ወይስ ትእዛዝ? በዚህች ቃል ብቻ አንድ ቅዳሜ አለቀ። ፕሪንተር ለጊዜው ሲቆምና ጨርሶ ሲቆም በአማርኛ እንዴት ይለያል? በመጨረሻ ለመጀመሪያው «ጋብ ብሏል» የሚል ሐሳብ መጣ። ዝናብ እንጂ ፕሪንተር ጋብ ይላል እንዴ ብለን ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልፍ ግን የተሻለ አላገኘንም። የአማርኛ መምህራችን ሁለት ጊዜ መጥተው ዳኝተውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ወደ ጉዟችን። ከፋሲካ በኋላ ልጆቹ ብር አዋጥተው በጀልባ ደብረ ማርያም ሄድን። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አንድ ችግር ለፕሮጀክቱ ጽፋ ልካ ነበር። ተራ የጽሑፍ ፋይል ቀጥታ ወደ ዝንጉ ስትልክ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ያው ጽሑፍ ፒዲኤፍ ሲሆን ደህና ነው። ለምን? ፒዲኤፍ ፎንቱን፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ ይዞ መሄድ ይችላል። ተራ ጽሑፍ ግን ፎንት ስለማይዝ ሶፍትዌሩ ከኮምፒውተሩ ይመርጥለታል፤ የመረጠው ፎንት ፊደላችን ከሌለው ሳጥን ያትማል። ይህን ያገኘችው ብቻዋን ነው፤ እኔ የዝንጉ አመል ነው ብዬ አልፌው ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው ካፕስ በወጣበት በ1999 እ.ኤ.አ. መሆኑንም የነገረችኝ እሷ ናት። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ አጠፋችው። በአምስተኛው ላከችው።

ስንመለስ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ በስተግራ ጉማሬ ብቅ አለ። ጀልባው ሊገለበጥ እስኪደርስ ሁሉም ወደዚያ ዞረ። ባለጀልባው «ተቀመጡ!» እያለ ይጮኻል። እሷ ብቻ አልዞረችም። አንገቷን ደፍታ ስልኳን ታያለች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል። «ቲቸር፣ የተቆጡኝ መሰለኝ» አለችኝ። ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩ። ከፕሮጀክቱ ሰዎች የመጣ መልስ ነው፤ ሁለት መስመር። ምስጋና፣ ከዚያ የሎግ ፋይሉን (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን) እንድትጨምር የሚጠይቅ። ቁጣ አይደለም፤ ከሥራ ባልደረባ ጋር እንደዚህ ነው የሚነጋገሩት አልኳት። ደግማ አነበበችው። ከዚያ «ሎጉን ዛሬ ማታ መላክ እችላለሁ?» አለች። ጉማሬው ያን ጊዜ ጠልቋል። ለማየት አልጠየቀችም።

ሎጉን የላከችው ማታ ሳይሆን ሰኞ በምሳ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ መብራት አልነበረም። አሁን በእኛ ኮምፒውተሮች የፎንቱ ምርጫ ተስተካክሎ አማርኛው በሥርዓቱ ይታተማል። መፍትሔውን ለሌሎች የሚያስረዳ ጽሑፍም አዘጋጅታ ልካለች፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ከትርጉሙ ግማሹ ግንቦት ላይ ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ ሄደ። ቅጂ አለመያዛችን የእኔ ጥፋት ነው። አንድ ሌላ ሪፖርታችን ደግሞ «ከዚህ በፊት ተነግሯል» ተብሎ ተዘጋ፤ ልጆቹ አንድ ሳምንት አኩርፈው ነበር። በ23 ልጆች ጀምረን በ14 ጨርሰናል። የቀሩትን አልወቅስም። በአራት ኮምፒውተር ሃያ ሦስት ልጅ ሲጋፋ አንዳንዱ መሰልቸቱ አይቀርም።

እግር ኳስ ክበቡ ዘንድሮ ስድስት አዲስ ኳስ አግኝቷል። አልቀናንም፤ ልጆቹ በደንብ ተጫውተዋል። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በአንድ ቶነር ነው። እሱንም ነቅንቀን ነቅንቀን ጨርሰነዋል። ለፈተናው ወረቀት ትምህርት ቤቱ ሰጥቶናል፤ ቶነሩ ግን ከኪሴ ነው። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ፤ ርዕሰ መምህራችንም ያውቃሉ።

ለ2018 የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ)፣ ሁለት ቶነር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የላቦራቶሪው ቁልፍ። ከተመራቂዎቻችን መካከል ዩኒቨርሲቲ የገባችሁና ኮድ የምትጽፉ ካላችሁ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ ስጡን። እናንተም ትጠቀማላችሁ፤ ኦፕንፕሪንቲንግ በጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ (ጉግል ጀማሪዎችን ከክፍት ኮድ ፕሮጀክቶች ጋር የሚያሠራበት ፕሮግራም) ተማሪዎችን ሲቀበል ኖሯል፤ የእኛ ልጆች ግን 18 ዓመት እስኪሞላቸው መመዝገብ አይችሉም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን። ቶነር የያዘ ወላጅ ዘበኛው ጋ ተመዝግቦ ቀጥታ ይግባ። ቁጥሩን የማያውቅ ካለ ይደውልልኝ፤ የዝንጉን ቶነር ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ።