የሞዴል መኪና ሥራ እንደ መጫወቻ ብቻ አይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር ከተማ ከ20 ዓመት በላይ በመኪና ጥገና ሙያ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ክረምት 9ኛ ክፍል ከሚማረው የእህቴ ልጅ ጋር አንድ የሞዴል መኪና ስንገጣጥም ያየሁትን ለአንባቢ ለማካፈል፣ በከተማችን የወጣት ማዕከላትንና የቴክኒክ ማሠልጠኛዎችን የሚመሩ ወገኖችንም አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው።

ሞዴሉ ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን የላከልን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ለአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር ይሠሩ ከነበሩት፣ «ድራግስተር» ከሚባሉት ረጃጅም መኪኖች አንዱን 25 ጊዜ አሳንሶ የሚያሳይ ነው። በዚህ ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ከቆሙበት ተነሥተው ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር፣ ይፎካከራሉ። ርቀቱ 380 ሜትር ከሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በዚያ ዘመን መጨረሻ የነበሩት ምርጥ መኪኖች ግን 7 ሰከንድ ገደማ ይበቃቸው ነበር።

ሳጥኑን ከፍተን ክፍሎቹን ከመመሪያው ወረቀት ጋር ስናመሳክር ልጁ ተጨንቆ «አጎቴ፣ ራዲያተሩ ጎድሏል» አለኝ። እውነትም አልነበረም፤ የጎደለ ነገር ግን የለም። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ ክብደት ላለመጨመር ሲሉ ራዲያተሩን ትተውታል። ከሞተሩ በላይ የሚቀመጠው አየር ገፊ ደግሞ እኔንም አስደንቆኛል፤ ምክንያቱም መነሻው የጄኔራል ሞተርስ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ናፍጣ ሞተር ነው። «6-71» የሚባለው ስሙም ከዚያ የመጣ ሲሆን፣ 6 ሲሊንደር፣ እያንዳንዱም 71 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው። ባለ ሁለት ምት ናፍጣ ሞተር አየር በራሱ መሳብ ስለማይችል ገፊ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ወጣት መካኒኮችም ያንን ገፊ ፈትተው በቤንዚን ሞተር ላይ አሠሩት። ከአሮጌ ዕቃ አዲስ ነገር ማውጣት ለእኛ ጋራዦች እንግዳ ስላልሆነ፣ ይህን ለልጁ ስነግረው ደስ እያለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የቆየንበት የመኪናው አጽም በሆነው ሻንሲ ላይ ነው። እንደ እርሳስ እንጨት የቀጠኑት ቧንቧዎች ጥቂት እንኳ ከተጣመሙ አራቱ ጎማዎች እኩል መሬት አይረግጡም፤ ስለዚህ የመስኮት መስታወት ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አንጥፈን፣ ሙጫው እስኪይዝ ድረስ ሻንሲውን በላዩ አስተኝተን ጠበቅን። ክሮም የተቀቡትን ክፍሎች ሙጫው ስለማይዛቸው መጋጠሚያቸውን በምላጭ መፋቅ ነበረብን። ለካንዴላ ሽቦዎች ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የወጣ ቀጭን መዳብ ተጠቀምን።

ወንበሩን ስንገጥም ልጁ እጁን አቆመ። በዚህ ዓይነት መኪና ሹፌሩ የሚቀመጠው ከኋላ ጎማዎች በስተኋላ ነው፤ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ኋላ ተስቦ ስለሚታይ አሜሪካኖቹም በወንጭፍ ስም ይጠሩታል። ታዲያ ካምቢዮው በቀጥታ በሹፌሩ እግሮች መካከል ገባ። «ይህ ቢፈነዳስ?» አለኝ። የጠየቀው በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1970 በካሊፎርኒያ የታወቀው የድራግስተር ሹፌር የዶን ጋርሊትስ መኪና ካምቢዮ በመነሻው ላይ ፈንድቶ መኪናውን ለሁለት ሲቆርጠው፣ የሹፌሩን የቀኝ እግር መዳፍ ከፊሉን ወስዶበታል። ጋርሊትስ ካገገመ በኋላ ሞተሩን ከሹፌሩ ጀርባ ያደረገ መኪና ሠርቶ በ1971 ማሸነፍ ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሌሎቹ ተከተሉት። ልጁ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አደጋው ያለበትን ቦታ በጣቱ አገኘው፤ እኔ በሥዕል ባስረዳው ኖሮ እንዲህ የሚገባው አይመስለኝም።

ቀለሙን በሐምሌ ረጭተነው ገና ሳይደርቅ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። መሟሚያው ሲተን የቀለሙን ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ የሐይቁ ዳር የክረምት አየር የያዘው ርጥበትም እዚያው ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። በብርጭቆ ወረቀት አሽተን መስከረም እስኪጠባ ጠበቅን።

ሥራው ሲያልቅ ልጁ ጓደኞቹን ይዞ፣ ስሙን መጥቀስ ወደማልፈልገው አንድ የወጣት ማዕከል ሄዶ በሳምንት አንድ ቀን ጠረጴዛ ለመነ። የተሰጠው መልስ «ይህ የሕፃናት መጫወቻ ነው» የሚል ነበር። ይህ አስተያየት ልጆቹን ከመጉዳቱ በላይ ስሕተት ነው። በወደባችን ለጎብኚዎች የሚሸጡትን ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች የሚሠሩ ሰዎች የትልቁን ታንኳ አስተሳሰር ጠንቅቀው እንደሚያውቁ የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ትንሹን አስተካክሎ የሠራ እጅ ትልቁን አይፈራም።

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። የቴክኒክ ማሠልጠኛዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተዘግተው የሚውሉትን ወርክሾፖቻቸውን ለእነዚህ ልጆች ይክፈቱላቸው፤ ሙጫና ቀለም ስለሚሸት አየር የሚገባበት ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ከውጭ የመጣ ሳጥንም የግድ አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ አሁን የጎረቤታችንን ባጃጅ በሜትር እየለካ ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ስለሆነ ለ25 ሲካፈል 5 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ አካሉንም ከቆርቆሮ ጣሳ ሊቆርጥ አስቧል። ቦታ የሚሰጣቸው ከተገኘ እኔ በየቅዳሜው እየተገኘሁ ያለ ክፍያ ላሠራቸው ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር