ቅዳሜ ዛፍ ላይ ከመውጣታችን በፊት

ውድ አባላት፣ ቅዳሜ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉትን ዛፎች እንከረክማለን። ፀሐይዋ ሳትከር ለመጨረስ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንገናኝ። የድሬ ሙቀት ሄልሜት ያስወልቃል፤ እኔም አውልቄ አውቃለሁ። ቅዳሜ ግን ያለ ሄልሜትና መነጽር ማንም አይወጣም።

ገመዳችሁን ዛሬ ማታ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ እዩት። የተበላ ቦታ ካለው ለፍየል ማሰሪያ ይሁን። ላይ ሆናችሁ ስትቆርጡ በሁለት ገመድ ታሰሩ፤ አንዱን መጋዙ ቢበጥሰው ሌላው ይይዛችኋል። ወፍራም ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ ይቆረጥ፣ ከዚያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከላይ። አለዚያ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይወርዳል። የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ታነሱታላችሁ።

የመብራት ሽቦ አጠገብ ያለውን ዛፍ አንነካም፣ መስመሩ እስኪጠፋ። ውሃ ያዙ።