ዘጠናዎቹ የት ገቡ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ዓለም ንግድና ዕድገት ያወጣችሁትን ሐተታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ እርሳስ ይዤ። ሰኞ ጠዋት ዝግጅት ክፍላችሁ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ሰው በትሕትና አዳመጡኝና ሲያበቁ «ዞሮ ዞሮ ትርጉሙ ያው አይደል?» አሉኝ። ያው አይደለም። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ ያለው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ዘጋቢያችሁ የእንግሊዛዊውን የኢኮኖሚክስ ሊቅ የዴቪድ ሪካርዶን የጨርቅና የወይን ጠጅ ምሳሌ አምጥተዋል። ስለ ንግድ ጽፎ ያንን ምሳሌ ያላነሳ ሰው ስለማላውቅ በዚህ አልወቅሳቸውም። ግን እንዲህ አሉ፦ ፖርቱጋል የተወሰነ ጨርቅ ለመሥራት 100 ሰው ያስፈልጋት ነበር፣ እንግሊዝ በ90 ትጨርሰዋለች፤ ስለዚህ ጨርቁ ወደ ጎበዞቹ ሄደ፣ «መወዳደር ያልቻሉት» የፖርቱጋል ጨርቅ ሠሪዎች ደግሞ ወደ ወይኑ ተሻገሩ፣ ሁሉም አተረፈ።

ቁጥሮቹ ተገልብጠዋል። ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለጨርቁ 100 ሰው የሚያስፈልጋት እንግሊዝ ናት። ፖርቱጋል በ90 ትሠራዋለች። ወይኑን ደግሞ ፖርቱጋል በ80 ሰው ስትጠምቀው እንግሊዝ 120 ትፈልጋለች። በሁለቱም ፖርቱጋል ትበልጣለች።

«የቁጥር ግድፈት ነው፣ ይታረማል» ብላችሁ ልታልፉት ትችሉ ይሆናል። እኔ አላልፈውም፤ የምሳሌው ነፍስ ያለችው እዚያው ላይ ነዋ። ፖርቱጋል በ80 ሰው የተጠመቀ ወይን ሰጥታ፣ ራሷ ብትሠራው 90 ሰው የሚፈጅባትን ጨርቅ ትወስዳለች፤ የ10 ሰው ልፋት ተረፋት። እንግሊዝም የ100 ሰው ጨርቋን ሰጥታ 120 ሰው የሚፈጅባትን ወይን አገኘች። ሂሳቡ ልክ ነው፤ ሰው ሁለት መቶ ዓመት ሲደነቅበት የኖረውም ልክ ስለሆነ ነው። ግን ልብ በሉ፦ በዚህ ምሳሌ ጨርቁን እንዲተዉ የሚነገራቸው ከእንግሊዞቹ የሚበልጡት ሠራተኞች ናቸው። እንግሊዝ 100 ሰው የሚፈጅባትን እነሱ በ90 ይጨርሱታል፤ ሥራቸውን የሚያጡት አገራቸው በወይን ደግሞ ከዚያም በላይ ጎበዝ ስለሆነች ብቻ ነው። ዘጋቢያችሁ ሁለት ቁጥር አቀያየሩና ጎበዞቹን ሰነፍ አደረጓቸው። ከዚያም «መወዳደር ያልቻሉት» የሚል ስም አወጡላቸው።

ይህ ስም እኔ ላይም ወጥቶ ያውቃል፣ ስለዚህ ልናገር።

14 ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ኮሌታ ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ነው። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሾሉ ግን ሸሚዙ በሙሉ የተንጋደደ ይመስላል፣ ገዢውም ካርቶኑን እንዳለ ይመልሳል። ከእኛ መስመር የወጣ ካርቶን ተመልሶ የመጣበትን ቀን አላስታውስም። ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ አስኪያጁ ሰብስበውን «የእናንተ ጥፋት አይደለም» አሉን፤ ድምፃቸውም ተሰብሮ ነበር። በማግስቱ የተሰጠን የስንብት ደብዳቤ ግን ምክንያቱን «ተወዳዳሪ ሆኖ አለመገኘት» ይለዋል። ማታ ጥፋት የሌለብን ጠዋት ብቃት የሌለን ሆንን። ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ በሄድኩበት ሁሉ ያቺ ሐረግ ከፊት ከፊቴ ትቀድመኝ ነበር። እናም እሑድ ጠዋት እናንተ ገጽ ላይ ስትጠብቀኝ ደሜ ባይፈላ ነበር የሚገርመኝ።

ፋብሪካችን የተከፈተው በኮታ ነበር፣ የተዘጋውም ኮታው ሲነሳ። ይህንን ሐተታችሁ በአንድ ቃል እንኳ አላነሳውም፤ «ገበያው ፈረደ» ብሎ ጨርሶታል። ከ1974 ጀምሮ ሀብታሞቹ አገሮች ከየትኛው ታዳጊ አገር ስንት ሸሚዝ፣ ስንት ሱሪ እንደሚያስገቡ በስምምነት ይወስኑ ነበር። የአንዱ አገር ድርሻ ሲሞላ ገዢዎች ድርሻው ወዳልሞላ አገር ትዕዛዛቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እኛም የሰፋነው ሌላው ስለሞላበት ነው። ከዚያ የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ኮታው በአሥር ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተስማሙና ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 አበቃ። ዲሴምበር 31 ማታ የሰፋሁት ኮሌታና ጃንዋሪ 1 ጠዋት የምሰፋው ኮሌታ አንድ ናቸው። እጄ ሌሊቱን አልደነዘዘም። የተለወጠው ወረቀት ላይ ያለ ደንብ ነው፣ ደንቡን የጻፉት ደግሞ በወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ስምና ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ናቸው።

የሪካርዶ ጨርቅና ወይንም ቢሆን ከሰማይ አልወረዱም። ምሳሌው ከመጻፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1703፣ ጆን ሜቱየን የሚባሉ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሊዝበን ላይ አንድ ውል ተፈራርመዋል። የእንግሊዝ የሱፍ ጨርቅ ፖርቱጋል ይገባል፤ የፖርቱጋል ወይን ደግሞ እንግሊዝ ሲገባ ከፈረንሳይ ወይን በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ቀረጥ ይከፍላል። ያን ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ ጦርነት ላይ ነበሩ። ዘጋቢያችሁ «የገበያ ተፈጥሯዊ ሕግ» ያሉት ነገር እንግዲህ የልጅነት ታሪኩ ይህን ይመስላል፦ ጦርነት፣ ቀረጥና ፊርማ።

ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ስድስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ተሰጥቶናል። ስሜን በአራት ዓይነት ፊደል መጻፍ ቻልኩ፤ የምስክር ወረቀቱም አለ፣ አልጠፋም። ሥራዬ የት እንደሄደ ማወቅ ስለፈለግኩ ደግሞ የማታ ትምህርት ገባሁና ኢኮኖሚክስ ተማርኩ። መምህሩ እነዚያኑ የሪካርዶ ቁጥሮች በሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እጄን አውጥቼ «ዘጠናዎቹ የት ገቡ?» አልኳቸው። «ወዲያው ወደ ወይኑ ይዛወራሉ» አሉኝ። «ወዲያው ማለት?» ስል ክፍሉ ሳቀ። ሳቁን አልረሳሁትም፤ ነገር ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። የወይን ተክል ከተተከለ በኋላ ደህና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ሰሌዳው ላይ በሁለት መስመር መሃል ያለችው ያቺ ክፍተት ለሸማኔው ሦስት ዓመት ናት። ያን ሦስት ዓመት ምን በልቶ ይቆያል? የእኔ አራት ፈጅቷል።

መቼም «ይቺ ሴትዮ በሩ ይዘጋ እያለች ነው» የሚል አይጠፋም። አላልኩም። በ1930 አሜሪካ የቀረጥ አጥሯን ከፍ ልታደርግ ስትል 1,028 የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች «ፕሬዚዳንት ሁቨር፣ ይህን ሕግ አይፈርሙ» ብለው ነበር። ፈረሙ፤ ሌሎቹ አገሮች አጸፋውን መለሱ፤ ቀድሞውንም የታመመው የዓለም ንግድ ይበልጥ ወደቀ። ቀረጥ የድሃ ጠበቃ ነው የሚለውም ቢሆን የልብስ ሠራተኛ ፊት ባይወራ ይሻላል። በአሜሪካ መደበኛ የቀረጥ መጽሐፍ ለዓመታት የኖረውን ላሳያችሁ፦ ከአክሪሊክ ክር የተሠራ ሹራብ 32 በመቶ፣ የሱፍ ሹራብ 16 በመቶ፣ ሀብታም የሚለብሰው የካሽሚር ሹራብ 4 በመቶ። ርካሹን የሚገዛው ሰው ስምንት እጥፍ ይቀረጣል። (ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ማተሚያ ቤቱ ቁጥር ገለበጠ ብዬ ነው። አልገለበጠም።)

ንግድ ከድህነት ያወጣቸው ሰዎች ስንትና ስንት እንደሆኑም አውቃለሁ። በ1990 ከዓለም ሕዝብ ከሦስት ሰው አንዱ በከፋ ድህነት ውስጥ ነበር፤ በ2019 ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ቻይና ብቻዋን፣ በዓለም ባንክ ስሌት፣ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አውጥታለች። የእኔን ኮሌታ አሁን የምትሰፋው ሴት ከእነዚያ አንዷ ልትሆን ትችላለች፣ አልቀናባትም፤ ጫፉ እኩል እንዲሾልላት ነው የምመኘው። የእኔ ጠብ ከእሷ ጋር አይደለም። ጠቤ ከ«ሁሉም አተረፈ» ጋር ነው።

ምክንያቱም «ሁሉም» ማለት አገሩ ነው እንጂ ሰዉ አይደለም። ይህን የደረሱበት ደግሞ የንግድ ጠላቶች አይደሉም። ስቶልፐርና ሳሙኤልሰን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በ1941 በሂሳብ አሳይተውታል፦ ንግድ ሲከፈት አገሩ በጠቅላላው ቢያተርፍም በውስጡ ያለ አንድ ወገን ሊከስር ይችላል፤ ለጊዜው ብቻም አይደለም። የቅርቡንም ከፈለጋችሁ አለ። ኦቶር፣ ዶርንና ሃንሰን በ2013 ባወጡት ጥናት ከቻይና ዕቃ ጋር በቀጥታ የተጋፈጡ የአሜሪካ አካባቢዎችን ተከታትለው ሥራ አጥነቱ እንደጨመረ፣ ደመወዙም እንደወረደ አሳዩ። በኋላ ከሌሎች ሁለት ባልደረቦች ጋር ሆነው ከ1999 እስከ 2011 የጠፋውን ሥራ ከ2 እስከ 2.4 ሚሊዮን ገመቱት። ሰዉ እንደ ሰሌዳው ወዲያው ወደ ሌላ ሥራና ወደ ሌላ ከተማ አልተዛወረም፤ አብዛኛው እዚያው ቁጭ ብሎ ቀረ። ዘጠናዎቹ የት እንደገቡ መምህሬን የጠየቅኩት ጥያቄ እንግዲህ ቁጥር ተገኘለት። ያ ክፍል አሁን ይስቅ እንደሆነ እንጃ።

ሐተታችሁ መጨረሻው ላይ የነፍስ ወከፍ ገቢ በአማካይ ማደጉን ጠቅሶ ይዘጋል። አማካዩን እኔም ማስላት እችላለሁ፦ ሥራ አስኪያጁና እኔ በአማካይ መኪና አለን። የብሔራዊ ገቢን አለካክ ያበጁት ሳይመን ኩዝኔትስ ራሳቸው በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረቡት ሪፖርት፣ የአንድን ሕዝብ ደህንነት ከዚያ ቁጥር መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቀው ነበር። ሚዛኑን የሠራው ሰው ያልደፈረውን ነው ዘጋቢያችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር የደፈሩት።

ወደ ካሳው ልምጣ፤ ከሐተታው ጨርሶ የቀረው እሱ ነው። ካልዶርና ሂክስ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በ1939 ያመጡት መለኪያ አለ። አንድ ፖሊሲ ጥሩ የሚባለው፣ አትራፊዎቹ ከሳሪዎቹን ክሰው አሁንም ትርፍ የሚቀራቸው ከሆነ ነው ይላል። አስተውሉ፣ ሊክሱ ከቻሉ ነው የሚለው። መካሳቸውን ማንም አይጠይቅም። ይህ እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ድሮ ስም ያለው ነገር ነው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ለመካስ የሞከሩም አሉ። አሜሪካ በ1962፣ በኬኔዲ ጊዜ፣ በውጭ ዕቃ ምክንያት ከሥራ ለሚፈናቀሉ ድጋፍና ሥልጠና የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቁማ ነበር፤ በጁላይ 2022 ሕጉ ሳይታደስ ቀርቶ አዲስ አመልካች መቀበሉ ቆመ። ዳኒ ሮድሪክ ደግሞ በ1998 ባሳተሙት ጥናት ለውጭ ንግድ ይበልጥ ክፍት የሆኑ አገሮች የመንግሥታቸውም ወጪ ሰፋ ያለ ሆኖ አግኝተውታል፤ የእሳቸው ማብራሪያ፣ በሩ ሲከፈት ነፋሱ ስለሚገባ ሰዉ መከለያ ይፈልጋል ነው። በሩን ከፍቶ መከለያውን መንፈግ ግን ይቻላል፤ ሲነፍጉ ደግሞ የተነፈገውን ሰው ሰነፍ ማለት ይረዳል። ለሰነፍ ማን ካሳ ይከፍላል?

ሁለቱ የተገለበጡ ቁጥሮች እኔን ያስቆጡኝ በዚህ ነው። ጎበዝ ሆኖ ሥራውን ያጣ ሰው ለአገሩ ትርፍ ሲባል አንድ ነገር ከፍሏል፣ ስለዚህ የሚጠይቀው ዕዳ አለው። «መወዳደር ያልቻለ» ሰው ምንም የሚጠይቀው የለም። በቁጥር መቀያየር ዕዳው ተሰረዘ።

ሪካርዶ ራሱ እንዲህ አይነት ነገር ገጥሞታል። ማሽን ለሠራተኛው ጭምር ይጠቅማል ሲል ቆይቶ፣ በ1821 በወጣው ሦስተኛ እትም አዲስ ምዕራፍ ጨመረና ተሳስቼ ነበር፣ ማሽን ሠራተኛውን ሊጎዳ ይችላል አለ። የአክሲዮን ገበያ ነጋዴ የነበረ፣ ሀብታም፣ የፓርላማ አባል፤ ማንም አላስገደደውም። ከእናንተ የምጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ምዕራፍ አይደለም፣ ሁለት መስመር። ለጨርቁ 90 ፖርቱጋል፣ 100 እንግሊዝ። «መወዳደር ያልቻሉት» የሚለውም ይውጣ። ቦታ ከጠበባችሁ ከዚህ ደብዳቤ የሹራቡን ነገር ቆርጣችሁ ጣሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የኮሌታ ሰፊ