ክሬሙን ያልላክሁበት ምክንያት

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እማዬ፣ ለትንሿ እህቴ ሠርግ ፊት የሚያቀላ ክሬም እንድልክ ብለሽኝ ነበር። አልላክሁም። በስልክ ብነግርሽ ስትቆጪ ዝም ማለቴ ስለማይቀር ይኸው ጻፍሁልሽ።

በቅርቡ እዚህ ቺካጎ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የታተመውን ኤቦኒ መጽሔት አገላበጥሁ። ጆን ጆንሰን በ1945 የመሠረተው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸውን በክብር ያዩበት መጽሔት ነው። ሐኪሙም፣ ዘፋኟም፣ ሙሽራዋም ጥቁር። ገጹን ስገልጥ ግን ናዲኖላ የሚባል ፊት የሚያነጣ ክሬም ማስታወቂያ ወጣ። አንዲት ፈካ ያለች ቆንጆ መሀል ሆና ወንዶች ከብበዋታል፤ ፊትሽ ሲፈካ ኑሮ ይጥማል ነው ነገሩ። ጠቆር ስላለችው ምንም አይልም፤ የቀረውን አንባቢዋ ራሷ ትሞላዋለች። በነጮቹ መጽሔት ባየው ባልገረመኝ፤ በገዛ ቤቷ ገብቶ ነው መልክሽ ጎዶሎ ነው ያላት። አንጀቴ ተቃጠለ።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ክሬሞች ሜርኩሪ ነበረባቸው። ቆዳው ቀለሙን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ወደ ሰውነት ሲሰርግ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። የአሜሪካ መንግሥት የከለከለው በ1973 ነው። በዚያው ዓመት የጆንሰን ባለቤት ዩኒስ ለጥቁር ሴቶች የሚሆን መኳኳያ ለገበያ አወጣች። በፋሽን ትርዒቷ ላይ የሚሠሩት ልጆች ለመልካቸው የሚስማማ ስላጡ የተለያየ ቀለም በእጃቸው ይቀላቅሉ ነበር። እስኪ አስቢው እማዬ፣ ሱቁ ሞልቶ ለእነሱ የሚሆን የለም!

የእኛ «ቀይ ናት» ከአሜሪካ መጣ አልልሽም፤ የራሳችን ነው። ልጅ ሳለሁ «ከፀሐይ ግቢ፣ ትጠቁሪያለሽ» እያልሽ በነጠላሽ ጫፍ ፊቴን ስትሸፍኚ ስለምትወጅኝ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ግን መጥቆር እንደ ኩፍኝ የሚይዝ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ትንሿ ቁርጥ አንቺን ናት፣ ጠይም። በክሬሙ ፋንታ ፓውደር ልኬላታለሁ። ቀለሙን የመረጥሁት ባለፈው ፋሲካ ቡና ስትቀጂ ያነሳሁሽን ፎቶግራፍ ይዤ ነው። ሻጯ ሦስት ዓይነት አውጥታ አንድ በአንድ ከፊትሽ ጋር አስተያየችው፤ ሁለተኛው ልክ ሆነ።

ልጅሽ